ጀልባ ከውሃ ስታወጡ ጎማ ባዶውን የሚሽከረከርባችሁ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ለሁላችሁም። ቤቴም መስሪያ ቦታዬም ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው፣ 19 ዓመት ሆነኝ ከዝዋይና ከላንጋኖ ጀልባ በተሳቢ እየጎተትኩ አዲስ አበባ ሳመጣ፣ እዚህ ፋይበሩ ይጠገናል ሞተሩ ይሰራል ከዛ መልሼ እወስዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደውሎ "ፒካፔ አቅም የለውም፣ ጀልባ ከውሃ ማውጣት አቃተው፣ ሞተር ላስፈታ ነው" አለኝ። ጎማው ይሽከረከራል ወይ ስለው "አዎ፣ ጭስ በጭስ አደረገው" አለኝ። ጎማ እየተሽከረከረ አቅም የለውም አይባልም እኮ! ሞተሩማ አቅም ተርፎት ነው የሚያሽከረክረው፣ የጠፋው መሬት የሚነክስ ጎማ ነው። ልጁ በከንቱ ሞተር ሊያስፈታ ነበር፣ እኔ ደሞ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ስለዚ ዛሬ ከሰአት ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የኔ ሃይሉክስ የኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚስበው። ጀልባና ተሳቢ አንድ ላይ 1,500 ኪሎ ገደማ ነው። የኮንክሪት መውጫ ላይ አንዳንዴ ሳይሰማው ያወጣል አንዳንዴ ንቅንቅ አይልም፣ መኪናው ያው ነው ጀልባው ያው ነው፣ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። በሂሳብ ላሳይህ፣ አንዴ ከገባህ ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ ነው። መኪናህን 2,000 ኪሎ በለው፣ ከተሳቢው ጋር 3,500 ሆነ። መውጫው 15 በመቶ ዳገት ነው እንበል፣ ማለት 100 ሜትር ስትሄድ 15 ሜትር ከፍ የሚል። ወደ ውሃው መልሶ የሚስብህ ከጠቅላላ ክብደቱ 15 በመቶው ነው፣ 525 ኪሎ አካባቢ። ይሄን የሚያሸንፉት የኋላ ጎማዎችህ ብቻ ናቸው። ባዶ ፒካፕ ኋላው ቀላል ነው፣ የተሳቢው አንገት የሚጫነውን ጨምረህ 1,000 ኪሎ ቢያርፍበት ነው። ደረቅ ሻካራ ኮንክሪት ላይ ጎማ ከተጫነው ክብደት 70 በመቶውን ያህል መሳብ ይችላል፣ 700 ኪሎ አገኘህ ማለት ነው፣ ትወጣለህ። እርጥብ ሲሆን ወደ 40 በመቶ ይወርዳል፣ 400 ብቻ፣ አትወጣም። አልጌ ካለ፣ ያ አረንጓዴው ሙልጭልጭ፣ 20 በመቶም ላይሞላ ይችላል። አየህ፣ መኪናህ ምንም አልሆነም፣ የተለወጠው ከጎማው ስር ያለው ነገር ነው። ካንተ በፊት ሌላ ሰው ጀልባ አውጥቶ ውሃ እያንጠባጠበ ከሄደ ደረቅ የነበረው መውጫ ላንተ እርጥብ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ደሞ ጀልባው ውሃ ውስጥ እያለ የተሸከመው ውሃው መሆኑን ነው። ስትጀምር ቀላል ይመስልሃል፣ 2 ወይ 3 ሜትር ትሄዳለህ፣ ልክ ጀልባው ከውሃ ሲላቀቅ ሙሉ ክብደቱ ይመጣብሃል። ጎማ መሽከርከር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዛችው ቦታ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ታድያ ፒካፑ ላይ አሸዋ ብጭንበትስ?

መልስ፦ ይጠቅማል፣ ግን ተአምር አትጠብቅ። በማዳበሪያ 6 ከረጢት 50 ኪሎ 50 ኪሎ አሸዋ ብትጭን 300 ኪሎ ነው፣ ከኋላ አክሱ በላይ አድርገው፣ በሩ ጋ አይሁን። የኋላው 1,300 ሆነ፣ በእርጥብ 40 በመቶ 520 ኪሎ ትስባለህ። ክብደት ስለጨመርክ ግን ዳገቱም የሚጠይቅህ ከ525 ወደ 570 ወጥቷል። ዳገት ላይ ትንሽ ክብደት ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ እሱ ይደግፍሃል፣ ያም ሆኖ በቋፍ ነው። አራቱም ጎማ ቢስብልህ ግን ያለምንም አሸዋ 2,100 ኪሎ (መኪናው 2,000፣ የተሳቢው አንገት የሚጫነው 100 በለው) በ40 በመቶ 840 ነው፣ ልዩነቱን ተመልከተው። ጭነቱ ከሊብሬህ እንዳያልፍ፣ ተሳቢው የሚጫነውም እዛ ውስጥ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ እኔ ፎር ባይ ፎር ላንድክሩዘር አለኝ አሮጌው፣ ማንሻውን አስገብቼ ጎተትኩ ኋላው ብቻ ነው የተሽከረከረው ፊቱ ዝም አለ። ካምቢዮው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ ወርደህ የፊት ጎማ መሀል ላይ ያለችውን ክብ ነገር እያት። የቆዩት ላይ በእጅ የምትዞር ሎክ አለች፣ ፍሪ ላይ ከሆነች ማንሻውን ብታስገባም የፊት ጎማ አይስብም። ሁለቱንም ጎን ሎክ ላይ አዙር። በዚህች ብቻ ካምቢዮ ያስፈታ ሰው አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ከዛ ሎው አስገባ፣ ሃይ አይደለም፣ ሎው 1ኛ ወይ 2ኛ ማርሽ ላይ ቀስ ብሎ እንዲሳብ አርገው፣ ፍሪሲዮንህም አይቃጠልም። ደረቅ አስፋልት ላይ ስትደርስ ግን አውጣው፣ እንዲህ ያለ መኪና አስፋልት ላይ ሲታጠፍ የፊትና የኋላው እኩል ስለማይዞር ይወጣጠራል፣ ይሰብርብሃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ሞተር ይደክማል ይባላል፣ እሱስ አስተዋፅኦ የለውም?

መልስ፦ ሞተር ይደክማል፣ እውነት ነው። እኛ ያለነው ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዛ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ዝዋይ ግን 1,640 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዛ እንደውም ይሻለዋል። ለዚህ ነው ሞተርን አትውቀሱ የምለው። ጎማ ከተሽከረከረ የሚጎድለው መንከስ ነው፣ ጎማ ሳይሽከረከር ሞተሩ ታፍኖ ከጠፋ ያኔ ስለ ጉልበት እናወራለን። እና ሲሽከረከር ነዳጅ አትጨምሩ! የሚንሸራተት ጎማ ከማይንሸራተት ጎማ ያነሰ ነው የሚይዘው፣ በረገጣችሁት ቁጥር ይብስበታል፣ ኮንክሪቱንም ያለሰልሳል። እግራችሁን አንሱ፣ ፍሬን ያዙ፣ ተረጋጉ፣ እንደገና ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ አየር ልቀንስ ወይ? አንዳንዱ ቀንስ ይላል አንዳንዱ አትቀንስ ይላል።

መልስ፦ አሸዋና ጭቃ ላይ ከሆንክ ቀንስ፣ ከ35 ወደ 20 አውርደው፣ ጎማው ይዘረጋል አይሰምጥም። ኮንክሪት ላይ ግን ብዙም ለውጥ የለውም። ከቀነስክ መንገድ ከመግባትህ በፊት ሙላው፣ ትንሿን በመኪና ባትሪ የምትሰራ ፖምፓ ያዝ፣ በ20 አየር ተሳቢ ይዘህ ፈጣን መንገድ ላይ መውጣት ጎማውን አሙቆ ያፈነዳዋል።

ጥያቄ፦ እኛ የምንሄድበት ኮንክሪት የለም፣ ዳርቻው አሸዋና ጭቃ ነው። ባለፈው መኪናው እስከ አክሱ ሰመጠ፣ በሰው ግፊት ነው የወጣው።

መልስ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው፣ ምክንያቱም በየሀይቁ ዳርቻ በብዛት ያለው ይሄ ነው። በኔ ልምድ ትልቁ መፍትሄ መኪናውን ጭርሱን ወደ ጭቃው አለማስገባት ነው። ረጅም ካቦ ወይም ወፍራም ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፣ 20 ወይ 30 ሜትር፣ ተሳቢውን በሰው እጅ ወደ ውሃው አስገቡት፣ የፊት ጎማ ያለው ተሳቢ ከሆነ ደሞ በጣም ቀላል ነው። መኪናው ከላይ፣ ደረቁና ሜዳው ቦታ ላይ ቆሞ በካቦ ይጎትት። ሜዳ ላይ የቆመ መኪና የራሱን ክብደት ዳገት ማውጣት አይጠበቅበትም፣ ደረቅ መሬት ደሞ ይነክሳል፣ ሁለት ጊዜ ተጠቀማችሁ ማለት ነው።

ያም ካልበቃ ፑሊ ጨምሩ። የካቦውን አንድ ጫፍ ከጠንካራ ነገር ጋር እሰሩት፣ ወፍራም ግራር ወይም ሌላ ታኮ የተደረገለት መኪና ሊሆን ይችላል፣ ካቦው ተሳቢው ላይ በተሰቀለው ፑሊ ዞሮ ወደሚጎትተው መኪና ይምጣ። መኪናው 2 ሜትር ሲሄድ ተሳቢው 1 ሜትር ይመጣል፣ የሚጠየቀው ጉልበት ግን ግማሽ ገደማ ነው። 4 ጎማ የማይስብ ተራ ፒካፕ በዚህ መንገድ ትልቅ ጀልባ ሲያወጣ በአይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ካቦ ሲወጠር አጠገቡ ሰው አይቁም። ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ነው የሚመጣው፣ እግር ይቆርጣል። መሀሉ ላይ ወፍራም ነገር ጣሉበት፣ ብርድልብስ ወይም አሮጌ ካፖርት፣ ቢበጠስ ወደታች ይጫነዋል። ልጆች ሁሌ ለማየት ይሰበሰባሉ፣ መጎተት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰው ስራው እነሱን ማራቅ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ ኤንፒአር፣ ትልቅ መኪና ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር ከፒካፑም ባሰ።

መልስ፦ ባዶ ስለነበርክ ነው ወንድሜ። ክረምት ላይ ባዶ አይሱዙ እርጥብ ኮብልስቶን ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ባዶውን ሲሆን የሚስበው የኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት ትንሽ ነው፣ ጎማው ደሞ ለጭነት የተሰራ ደረቅ ነው። አንድ ቶን አሸዋ ወይም ብሎኬት ጫንበት፣ ሌላ መኪና ይሆንልሃል።

ጥያቄ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ። ባለቤቴ ጀልባው ላይ ሆኖ እኔ ነኝ መኪናውን የምነዳው፣ ማኑዋል ነው፣ ፍሬን ለቅቄ ነዳጅ እስክሰጥ ወደኋላ ወደ ውሃው ሲንሸራተት ልቤ ይቆማል፣ ባለፈው አለቀስኩኝ።

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ የማይፈራ ሰው ነው መኪና ውሃ ውስጥ የሚከተው። የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አርገሽ ያዢው፣ 1ኛ አስገቢ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አርገሽ ልቀቂ፣ ሞተሩ ድምፁ ወረድ ሲልና የመኪናው አፍንጫ ከፍ ሲል ይሰማሻል፣ ያኔ ብቻ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ስትወጪ መብራት ሲይዝሽ የምታደርጊው ያው ነው፣ እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ጸጥ ያለ ዳገት ላይ ባዶ መኪና ይዘሽ 20 ጊዜ ተለማመጂው። ሁለት ታኮ አሰሪ፣ ከእንጨት፣ በገመድ መኪናው ላይ የታሰረ። ከኋላ ጎማ ስር አስገብታችሁ ትጀምሪያለሽ፣ መኪናው ወደፊት ሲሄድ ታኮው በገመዱ እየተጎተተ ይከተልሻል፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳውም። ባለቤትሽም ጀልባውን ዊንቹ ላይ አስሮ ይውረድ፣ ጀልባ ላይ ሆኖ አይሳብ፣ የሱም ክብደት አለ፣ አደጋም ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ጉልበቱ ሃይለኛ ነው፣ ጀልባ ይጎትታል?

መልስ፦ ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ይሄ ጥያቄ እየበዛ ነው የሚመጣው። ጉልበቱ ከዜሮ ጀምሮ አለ፣ ባትሪውም ከባድ ስለሆነ ጎማው ላይ ክብደት ይሰጣል፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን መኪናው ስንት ኪሎ እንዲጎትት እንደተሰራ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ካላየህ ጋንቾ አታስበይድበት፣ ብዙዎቹ ጭራሽ ለመጎተት አልተሰሩም። የፊት ጎማ ብቻ የሚስብ ከሆነ ደሞ ተወው፣ ዳገት ላይ ተሳቢው ኋላውን ተጭኖ ፊቱን ያቀለዋል፣ የሚስበው ጎማ ላይ ክብደት ሲያስፈልግህ ይነሳብሃል።

ጥያቄ፦ ሎጅ አለን፣ አዲስ መውጫ ልናሰራ ነው፣ ኮንትራክተሩ ጥሩ አርጌ አለስልሼ እሰራዋለሁ ይላል።

መልስ፦ በፍጹም እንዳያለሰልሰው! ሳይደርቅ ቦይ ቦይ ይቁረጥበት፣ ከጣት ወፈር ያለ፣ ቀጥ ብሎ አግድም ሳይሆን ሰያፍ፣ ውሃውም ጭቃውም በቦዩ እንዲወርድ። ዳገቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ ይሁን፣ ከዛ ካነሰ ጀልባ እንዲንሳፈፍ መኪናው ውሃ ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዛ ከበለጠ ለማውጣት በጣም ይከብዳል። ኮንክሪቱ ውሃው ዝቅ የሚልበትን ወቅት አስቦ ወደታች ይርዘም፣ ጫፉ ላይ የተሳቢ ጎማ ከወደቀ እሱን ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው። ከዛ በየሳምንቱ በሽቦ ብሩሽ አልጌውን ማስፈግፈግ ነው።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ጥርሱ አዲስ ነው ግን ይንሸራተታል።

መልስ፦ ጎኑ ላይ 4 ቁጥር አለች፣ 2314 ካለ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርስ ሳይበላ ጎማው ራሱ ደርቆ እንደ ላስቲክ መሆኑ ይቀራል፣ እርጥብ ላይ ማየት ነው ያኔ። ሱማሌ ተራም ሆነ የትም ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ፣ ቁጥሯን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ከኔ፣ ተሳቢው ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ኩሽኔታው ይጮሃል፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። ረጅም መንገድ ነድተህ ትኩስ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከት በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውሃ ይስባል፣ ግሪሱ ይበላሻል፣ ከዛ ተሳቢው ራሱ ይከብድሃል፣ መኪናህም የበለጠ ይንሸራተታል። እንደደረስክ ግማሽ ሰአት አቁመው፣ በእጅህ ነክተህ ሲበርድ አስገባ፣ የመብራቱን ሶኬት ንቀለው። አሁን ግን እየጮኸ ከሆነ ነገ ጠዋት ሳትነዳው በክሪክ አንሳና ጎማውን በእጅህ አወዛውዘው፣ ከተወዛወዘ ደውልልኝ እኔ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ።