አሸዋው የማን ነው? መሬቱስ?

ጥያቄ፦ ቀወት ወረዳ ወንዝ ዳር የማሾ ማሳ አለኝ። የመሬት ደብተሩ በእኔና በሟች ባለቤቴ ስም ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ የተደራጁ ልጆች ከማሳዬ ሥር አሸዋ እየዛቁ በሲኖትራክ ያስጭናሉ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ዳሩን ናደው። ሾላዋም ከነሥሯ ሄደች። «ፈቃድ አለን» ብለው የቀበሌ ማህተም ያለበት ወረቀት አሳዩኝ። አሸዋው የእኔ አይደለም ወይ? ማን ጋ ልሂድ?

መልስ፦ እትዬ፣ ደስ የማይለውን ላስቀድም። አሸዋው የእርስዎ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱንም የተፈጥሮ ሀብቱንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ደብተሩ የሚሰጥዎ የመጠቀም መብት ነው። «አሸዋዬን ሸጡት» ብለው ከከሰሱ ገና ከደጃፉ ይመለሳሉ። «ማሳዬን ናዱብኝ» ካሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 አሸዋ የኮንስትራክሽን ማዕድን ነው። ለአገር ውስጥ ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ሮያሊቲም (ከማዕድኑ ለመንግሥት የሚሰጥ ድርሻ) ይከፈልበታል። የቀበሌ ማህተም ቢበዛ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የወረዳው የማዕድን ባለሙያ ጋ ሄደው ፈቃዱና የተከለለው ቦታ ካርታ ይታይልኝ ይበሉ። የተከለለው ቦታ ማሳዎን ከነካ ያለ ካሳ እንዴት እንደገባ ይጠይቁ። ፈቃዱ ከሌለ ደግሞ ልጆቹ ወሬውን ሰምተው ከመነሳታቸው በፊት ያመልክቱ። እውነቱን ለመናገር ለልጆቹም አዝናለሁ። ፀሐይ ላይ አካፋ የሚይዙት እነሱ፣ ከቢያጆው (ከየመኪናው ጭነት ሂሳብ) ዋናውን የሚወስደው ደላላው።

«ጎርፉ ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን?» ማለታቸው አይቀርም። ወንዝ የተቆፈረበትን ጉድጓድ ሊሞላ ከላይና ከዳር አፈር ይጎትታል፤ ወለሉ ሲወርድ ዳሩ ቆሞ አይቀርም። ስለዚህ ጉድጓዱን ከነተናደው ዳር በአንድ ፎቶ ያስነሱት። የማይነቃነቅ ነገር፣ ድልድይ ወይም ትልቅ ቋጥኝ፣ አብሮ ይግባ። ቀጣዩ ክረምት ጉድጓዱን በደለል ከሞላው ማስረጃዎ አብሮ ተቀበረ። የግብርና ባለሙያም መጥቶ የሄደውን መሬት ለክቶ በጽሑፍ ይስጥዎ።

ቀኑን ደግሞ አደራ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁከት ይወገድልኝ (አንቀጽ 1149)፣ ማለትም ይዞታዬን አትንኩብኝ የሚለው ክስ ሁለት ዓመት ካለፈው ይታገዳል። የጉዳት ካሳውም (አንቀጽ 2143) እንዲሁ ነው። ሽማግሌ መቀመጡ ደግ ነው፤ በእኛ አገር ሳይቀመጥም አይቀር። ግን «ከፋሲካ በኋላ፣ ከመስቀል በኋላ» እየተባለ ሁለት ዓመቱ እንዳያልቅ።

የክልሉ አካባቢ ጥበቃ ጋም ማመልከት ይችላሉ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነካ ሳይል እንኳ፣ አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎም ይፈርሙ። በ30 ቀን ካልመለሱልዎ በቀጣዩ 60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

በመጨረሻ፣ ደብተሩ ላይ የባለቤትዎ ስም አለ ብለዋል። ወራሽነቱን ካላሳወጁ ክሱን ከመክፈትዎ በፊት ያሳውጁ። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።