መልስ፦ ሚኒ ሚዲያችን የሸገርን ስም መጠቀም ይችላል ወይ?

ውድ መምህር፣ በቱሉ ዲምቱ የሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ «ሸገር ኤፍ ኤም 102.1» የሚለውን ስም፣ አርማውንና የመግቢያ ዜማውን ቢጠቀም ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። ያለ ጣቢያው የጽሑፍ ፈቃድ እንዳታደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ።

ስምና አርማ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998፣ ዜማው ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚታዩ በመሆናቸው፣ የፈቃዱ ደብዳቤ እያንዳንዱን ለይቶ መጥቀስና ለምን ዓላማ፣ እስከ መቼ እንደተፈቀደ መግለጽ ይኖርበታል። ትርፍ የማታገኙበት መሆኑ ጣቢያውን ሊያግባባ ይችላል እንጂ ፈቃዱን አይተካም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ ነው። 102.1 ጣቢያው በሜጋኸርትዝ የሚሰራጭበት ሞገድ ሲሆን፣ የእናንተ ድምፅ በእረፍት ሰዓት ከግቢው ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው፤ አንድ ተማሪ የተሳሳተ ዜና ቢያነብ፣ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ወላጅ ጣቢያው የተናገረው ሊመስለው ይችላል። (ማሰራጫ ተክላችሁ አየር ላይ ለመውጣት ካሰባችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።)

ልጆቹ የራሳቸውን ስም ቢያወጡ እመርጣለሁ። ከጣቢያው ይልቁንም ዕውቀት ጠይቁ፦ አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ የዜና አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ አደራረግ እንዲያስተምር፣ ተማሪዎቹም ስቱዲዮውን እንዲጎበኙ በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጻፉ።