ላብራቶሪ ውስጥ ላላችሁ፦ የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ላብራቶሪ ከሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በሜዲካል ላብራቶሪ ዲግሪዬን ይዤ ሆስፒታል ከገባሁ አራት ዓመት ሞላኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ)፣ ሽንት፣ ሰገራ ነው። ምርምር ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ኧረ ምን ሲባል! ስላይድ ላይ የወባ ጥገኛን ከቀለም ዝቃጭ በአንድ እይታ የሚለይ ዓይን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አይገኝም፤ አንተ ጋ አለ። ማስተርሱ ግን ያስፈልግሃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን አክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት እይ፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም (አህሪ የምንለው) የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያሠራል። እስከዚያ እጅህን አጣጥፈህ አትጠብቅ። የሆስፒታልህ መዝገብ ራሱ ዳታ ነው። የወባ ፖዘቲቭ በየትኛው ወር ይጨምራል? ስንቱ ናሙና ረግቶ ወይም አንሶ ይመለሳል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አውጣና አንዷን ጥያቄ ብቻ ይዘህ ጨርሳት። ትልቅ ማሽን የለኝም ብለህም አትተው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ የእንዶድን ጉልበት የደረሱበት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ደግሞ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ስዊድን የፒኤችዲ ቦታ አግኝቻለሁ፣ እዚህም ተቀብለውኛል። ሁሉም ሰው "ይሄ ምን ያስጠይቃል፣ ሂጂ እንጂ" ይለኛል።

መልስ፦ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ሱፐርቫይዘርሽ ማን እንደሆነ ነው። ስዊድን ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ባብዛኛው ተቀጣሪ ነው፤ ደሞዝ አለው፣ ትምህርቱም የአራት ዓመት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ኢሜይል የማይመልስ ሰው እጅ ከወደቅሽ ደሞዙ አያጽናናሽም። ስለዚህ እሱ ጋ ጨርሰው የወጡ ሁለት ሰዎች ፈልጊና ጻፊላቸው። በየስንት ጊዜው ትገናኙ ነበር? የመጀመሪያ ደራሲ ሆናችሁ አሳትማችኋል? አቋርጦ የሄደ አለ? መልሳቸው ከተድበሰበሰ እሱም መልስ ነው።

እዚህ ከቀረሽ ደግሞ የጊዜ ሰሌዳሽ ላይ ለሪኤጀንት (ለምርመራ ኬሚካሎች) ሰፊ ጊዜ ያዢ። የውጭ ምንዛሬ አለ፣ ግዥ ክፍል አለ፣ ጉምሩክ አለ። በደረቅ በረዶ ታሽጎ የመጣ ኤንዛይም ቦሌ ላይ ወረቀት ሲጠብቅ በረዶው ተንኖ አልቆ፣ ካርቶኑ ሲከፈት ቲዩቦቹ ለብ ብለው ቢገኙ፣ የወራት ሥራ ነው አብሮ የሚሄደው። ዕቃው ሳይላክ ፈቃዱን ጨርሺ፤ የሚረከብልሽንም ሰው ቀድመሽ አናግሪ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለው ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ላይ አራተኛ ዓመቴ ነው። ካምፓኒ ብገባ ሳይንስን የከዳሁ ይመስለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አልከዳህም። መድኃኒትና ክትባት ሰው ጋ የሚደርሰው እዚያም በሚሠሩ እጆች ነው። ኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጣው መነሻ በ2024 በዓመት 61,008 ዶላር ነበር፤ በእናንተ አካባቢ ኪራይ ቤተሰብ ይዞ በዚህ ማደር ምን እንደሚመስል አንተ ታውቀዋለህ። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ደግሞ የባዮቴክ ካምፓኒ ሞልቷል። የሚያሳስበኝ ቪዛህ ነው። በመንግሥት ገንዘብ በጄ-1 (በልውውጥ ቪዛ) ከመጣህ ሁለት ዓመት አገርህ ተመልሰህ የመኖር ግዴታ ሊኖርብህ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች ከኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ኮታ ነፃ ናቸው፤ አብዛኞቹ ካምፓኒዎች ግን በዓመት 85,000 በሆነው ኮታ ውስጥ ነው የሚሻሙት። ሳትፈርም ጠበቃ አናግር። "ለአገሬስ?" የሚለው ከሆነ የሚቆረቁርህ፣ እዚህ ያለ አንድ የማስተርስ ተማሪ ያዝና ረቂቁን አንብብለት፤ በጣም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ አንድ ጆርናል "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ ጻፈልኝ። በሳምንት ውስጥ እናትምልዎታለን ይላል፤ ክፍያ አለው።

መልስ፦ አትክፈል። በሳምንት ውስጥ በቁም ነገር የሚገመግም የለም። ብዙ ታዋቂ አሳታሚዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተመራማሪ ክፍያ ያነሳሉ፤ ከማስገባትህ በፊት ጠይቃቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለትምህርት ወደ ውጭ ልሄድ ነው። የሰበሰብኩትን የቲቢ ናሙና ይዤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችይም። በሻንጣ ደግሞ ፈጽሞ እንዳታስቢው፤ አደጋም ነው፣ ያስከስሳልም። ታካሚው አክታውን የሰጠው ፈርሞ ለፈቀደው ጥናት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ተቋሙ ነው። ከአገር የሚወጣው በሥነ ምግባር ፈቃድና በናሙና ዝውውር ስምምነት ብቻ ነው። አሁን ያለሽን ጊዜ ፍሪዘሩ ላይ አውይው። ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለውን ፍሪዘር ስንከፍት የምናየው ያው ነው፤ በረዶ የያዘ ሣጥን፣ "ኤስ1፣ ኤስ2" ተብሎ በማርከር የተጻፈ፣ አልኮል የነካው፣ ግማሹ የጠፋ ጽሑፍ፤ የጻፈው ሰው ካናዳ ነው፣ ስልኩ አይነሳም። እንደገና ለጥፊባቸው። መደርደሪያውን፣ ሣጥኑን፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ኮዱን፣ ስንቴ እንደቀለጠ ኤክሴል ላይ አስፍሪና ለሚተካሽ ሰው በፊርማ አስረክቢ። ከሱፐርቫይዘርሽም ጋር በናሙናው ጽሑፍ ቢወጣ ስምሽ የት እንደሚገባ ሳትሄጂ በኢሜይል ተስማሙ።