ከሰዓት በኋላ የሚሞላው የግራፊክስ ካርድ

ጥያቄ፦ ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ጠዋት የከፈትኩት የማቀናበሪያ ፕሮግራም እስከ ምሳ ሰዓት በደንብ ይሠራና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ «የግራፊክስ ሚሞሪ ሞልቷል» ብሎ ይቆማል። ዘግቼ ስከፍተው ያው ሥራ ያለ ችግር ይቀጥላል። ካርዱ 6 ጊጋባይት፣ ራሙ (የኮምፒውተሩ ዋና ሚሞሪ) 16 ጊጋባይት ነው። ራም ልጨምር ወይስ ካርዱን ልቀይር?

መልስ፦ እባክዎ ገንዘብ ለማውጣት አይቸኩሉ። ዋናውን ፍንጭ ራስዎ ጽፈውታል፤ ዘግተው ሲከፍቱት ያው ሥራ ይቀጥላል። ካርዱ ለሥራው አንሶ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ገና እንደተከፈተም ያው ከባድ ቦታ ላይ ሲደርስ መቆም ነበረበት። ስለዚህ ይበልጥ የሚያጠራጥረው ፕሮግራሙ ወይም አብሮት የሚሠራ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) የወሰደውን ሚሞሪ ሳይመልስ መቅረቱ ነው፤ ይህ የሚሞሪ መፍሰስ ይባላል። ራም መጨመር ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ዊንዶውስ ካርዱ ሲሞላ ከራም ቢያበድርም የተበደረው ሚሞሪ ከካርዱ በጣም የዘገየ ነው፣ የሚፈሰውንም አያቆምም።

እንዲህ ያለው መፍሰስ ካርዱን እንዴት እንደሚሞላ እንይ፦ አንድ የፎር ኬ ፍሬም (ቪዲዮውን ከሚሠሩት ምስሎች አንዱ) 3840 በ2160 ነጥቦች አሉት። ለቀለም እርማት እያንዳንዱ ነጥብ 16 ባይት ሲይዝ አንዱ ፍሬም ወደ 133 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ሳይለቀቁ የቀሩ 30 ፍሬሞች 4 ጊጋባይት ያህል ያዙ ማለት ነው።

ጥርጣሬውን በቁጥር ያረጋግጡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ የዓምዶቹን ርዕስ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሚሞሪ» የሚለውን ዓምድ ያስጨምሩ። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ የፕሮግራሙን ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ለፍጥነት ሲሉ ሆን ብለው ሚሞሪ ይይዛሉ። ወሳኙ ፕሮግራሙን ሳይዘጉ አንዱን ፕሮጀክት ደጋግሞ ከፍቶ መዝጋት ነው፦ ከመጀመሪያው መዝጋት በኋላ 1.2፣ ከሁለተኛው 1.9፣ ከሦስተኛው 2.6 ጊጋባይት እያለ ከወጣ በእርግጥም ሚሞሪው እየፈሰሰ ነው። በአንድ ቁጥር ላይ ከረጋ ግን ሥራው ራሱ ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ እያቀናበሩ ሳሉ ጥራቱን ወደ 1920 በ1080 ዝቅ ያድርጉት፣ የአንዱ ፍሬም ሸክም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሲያስወጡ ብቻ ወደ ፎር ኬ ይመልሱት። ብሮውዘሩንም ይዝጉ፣ እሱም ከዚያው ካርድ ይካፈላል።

የሚፈስ ከሆነ መጀመሪያ ፕሮግራሙንና የካርዱን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) ያድሱ፤ ቀጥሎ ፕለጊኖቹን ሁሉ አጥፍተው አንድ በአንድ እየመለሱ ሙከራውን ይድገሙት። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው የምስል ጭረት ማጥሪያውን ነው፤ ብዙዎቹ ማጥሪያዎች በርካታ ተከታታይ ፍሬሞችን በአንድ ጊዜ ይይዛሉና። ጥፋተኛው ሲገኝ የደብተሩን ቁጥሮች ከፕሮግራሙና ከድራይቨሩ ቨርዥን ጋር ለአምራቹ ይላኩ። እርማቱ እስኪመጣ ድረስ በየዕለቱ ምሳ ሲወጡ ሥራዎን ሴቭ አድርገው ፕሮግራሙን ይዝጉት።