በአንድ ዓሣ የሚቀደደው የፕላስቲክ ትል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ በበጋ ባስ የሚባለውን ዓሣ አጠምዳለሁ። መንጠቆ ላይ ለዓሣ ማታለያ የሚሰካው የሱቁ የፕላስቲክ ትል ኪስ ስለሚጎዳ ፈሳሹን ገዝቼ ቤት ማቅለጥ ጀምሬያለሁ። ግን አንድ ዓሣ ከነከሰው መንጠቆው የገባበት ቦታ ይቀደዳል። ማጠንከሪያ ብጨምርም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጠንከሪያውን ለጊዜው ተወውና ሙቀቱን እንይ። ፕላስቲሶል የሚባለው ፈሳሽ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ደቃቅ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ተበጥብጦ የተሠራ ነው። ዱቄቱ ከሥር ይዘቅጣል፤ ዕቃውን በደንብ ሳትንጥ ከላይ ከላይ ከቀዳህ ትሉ ከመነሻው ደካማ ይሆናል። ስታሞቀው ይወፍራል፣ ይጓጉላል፣ ከዚያ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ጥርት ብሎ ይቀጥናል። እዚያ ሳይደርስ ያፈሰስከው ትል ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲጎተት ግን ይበጣጠሳል፣ ማጠንከሪያም አያድነውም። በዓይን አትገምት፣ ቴርሞሜትር ግዛ።

ካረረ ደግሞ ቢጫ ይሆናል፣ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝም ይለቃል። ኒክ ክሬም እ.ኤ.አ. በ1949 አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ የፕላስቲክ ትል መሥራት የጀመረው ቤቱ ነበር፤ አንተ ግን እባክህ ልጆችህ ምግብ በሚያሞቁበት ማይክሮዌቭ እንዳትሞክረው! ለዚሁ ብቻ የሚሆን አሮጌ ማይክሮዌቭ ፈልግ፣ ደጅ አውጥተህ ሥራ፣ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት አድርግ። ሞልዱም (ትሉ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ስኒውም ደረቅ ይሁን። አንዲት የውሃ ጠብታ ካለች የጋለው ፕላስቲክ ፊትህ ላይ ይፈነጠቃል።

ሙቀቱን ካስተካከልክ በኋላም ቶሎ ከተቀደደ፣ ጨው ትጨምራለህ እንዴ? ጨው ትሉን ያከብደዋል፣ ግን ያዳክመዋል፤ ቀንሰው። ማጠንከሪያው ያኔ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ፣ ምክንያቱም ከበዛ ጅራቱ ይገተርና በውሃ ውስጥ መወዛወዙን ያቆማል፣ እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ከማይቀደድ ግን ዓሣ ዞር ብሎ ከማያየው ትል ይልቅ አምስት ዓሣ ይዞ የሚቀደደውን እመርጣለሁ። የትሉ ራስ ላይ፣ መንጠቆው በሚገባበት ቦታ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ማጣበቂያ ብታደርግ ብዙ ያቆይልሃል። ኤላዝቴክ ከሚባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ከተሠራ ትል ጋር ግን በአንድ ሳጥን አታስቀምጠው፣ ተያይዘው ይቀልጣሉ።

የተቀደዱትን ሐይቁ ውስጥ አትጣል፣ ዓሣ ይውጣቸዋል። በየቀለማቸው ለይተህ አጠራቅማቸውና አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ እንደገና አቅልጣቸው።