ክኒኑም ጸበሉም፦ የሐዋሳ አንባቢዎች ስለ አእምሮ ሕክምና የጠየቁት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው። የጸሐፊዎቹን ስም አውጥተን ጥያቄዎቹንም አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ ጎረቤቶች ስሙን እያነሱ ያሙኛል ይላል። እናታችን ያበሰለችውን «መርዝ አለበት» ብሎ መብላት አቁሟል። ጫትም ይቅማል። እናታችን ከጸበል ሌላ አልሰማም ብላለች፤ አጎታችን ደግሞ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ካልወሰዳችሁት ይላል። ከየት ልጀምር? (ታላቅ እህት፣ ከታቦር)

መልስ፦ ከአጎትዎ ሐሳብ እንነሳ። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው በር አማኑኤል አይደለም። ይህ ሕመም የሚታከመው በክትትል ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ የወር መድኃኒት ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ገንዘቡም ጉልበቱም ያልቅበታል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ሁላችንም ሪፈራል የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ግን ነገሩ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር በቀጥታ ወደዚያ አትሂዱ። መጀመሪያ በመድን ደብተራችሁ የተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ይታይና የሪፈር ወረቀት ይጻፍለት። ያለዚያ ወጪው ከኪሳችሁ ነው። ቤት ሳላችሁም ደብተሩን ገልጣችሁ ሁለት ነገር እዩ፦ ዘንድሮ መታደሱን፣ የወንድምዎ ስም በውስጡ መኖሩን። 18 ዓመት ላለፈው ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ስለሚጠየቅ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይሂድ? «ሰርግ አለ» ብሎ አታሎ መውሰድ ለአንድ ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያታለለውን ሰው አያምንም፣ ያ ሰው የሚሰጠውን ክኒንም አይውጥም። ስለሚሰማው ድምፅም «የለም»፣ «አለ» እያላችሁ አትከራከሩ። እሱ ራሱ የሚያማርርበትን ነገር ያዙ። ብዙ ጊዜ ይህ እንቅልፍ ነው፦ «ሦስት ወር አልተኛህም፣ ለእንቅልፍህ መላ እንፈልግ» ቢሉት ይሰማል። የሚያምነው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ አይከተለው። የተናደደ ወይም ልሩጥ የሚል ከሆነ በባጃጅ አትውሰዱት፣ ጎኑ ክፍት ነውና ሊዘል ይችላል። በር ያለው መኪና ይሻላል፣ ወይም የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ። እጁን በገመድ ወይም በሰንሰለት ማሰር ደሙን ያግዳል፣ ቁስሉም ከሕመሙ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ባለሙያው ፊት ስትቀርቡ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቢያዝ ጥሩ ነው፦ መቼ እንደጀመረው፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም የሚጥል በሽታ ኖሮበት እንደሆነ፣ በዘመድ ተመሳሳይ ሕመም ካለ፣ እስካሁን የወሰደው መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱም ጭምር። የጫቱን መጠን ስትናገሩ አታሳንሱ። ዓላማው መውቀስ አይደለም፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃ ነገር ስለሆነ ጥርጣሬውንም እንቅልፍ ማጣቱንም ያባብሳል፣ መድኃኒቱ የሚገነባውንም ያፈርሳል። ከመርቃናው በኋላ ጨብሲ የሚል ከሆነ እሱም ይነገር። ወንድምዎ ሲሰማ መናገር የማይችሉትን ለነርሷ ለብቻ ይንገሯት፤ ያልተለመደ ጥያቄ አይደለም።

አንድ ልዩነት እንዳትስቱ። ነገሩ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ ቢሆን፣ ትኩሳት ወይም መወዛገብ ቢኖርበት፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ማወቅ ቢያቅተው ቀጠሮ አይጠበቅም። ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

አሁን ወደ እናትዎ። «ጸበል ተዪ» አይበሏቸው፤ ክርክሩን አያሸንፉትም፣ ማሸነፍም አያስፈልግዎትም። የሚጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸበሉ ክኒኑን እንዳያስቆም። ጠዋት ይጠመቅ፣ ማታ ይዋጥ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ብዙውን ጊዜ ማታ አንዴ እንዲወሰዱ ማድረግ ይቻላል። ጸበል ቦታ ለሳምንታት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ መኖሩን ይጠይቁ። እናትዎ ከሚያከብሯቸው የንስሐ አባት አፍ «መድኃኒቱንም ውሰድ» የሚል ቃል ቢወጣ ከእኛ ገጽ ሁሉ ይበልጣልና ቀድመው ያነጋግሯቸው።

ብዙ ቤተሰብን ከሕክምና የሚያስወጣው ግን ይህ ነው። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የዚሁ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ወደ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል። ይህን ያየ ሰው «መንፈሱ ተነሣ» ይላል፣ ክኒኑም ይጣላል። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ድንገተኛ ክፍል በመርፌ ቶሎ ይፈታል፤ ከዚያ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ብዙዎች አርቴን የሚሉትን ክኒን አብሮ ያዛል። እግሩ አርፎ አልቀመጥ ቢል፣ ቆሞ እየተንጎራደደ ቢያድርም እንዲሁ ይነገር። ንዴቱና እንቅልፉ በቀናት ውስጥ ሊሻሻሉ ይችላሉ፤ ድምፁና ጥርጣሬው ግን ሳምንታት ይፈጃሉ። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል። «ዳነ» ተብሎ በሦስተኛው ወር የሚቆም መድኃኒት ሰውን ወደ ጀመረበት ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ከአራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ በትንሽ ትልቁ ማልቀስ ይመጣብኛል። ሁለት ቦታ ታይቼ የታይፎይድና የጨጓራ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ለውጥ የለም። ከሥራ ከቀረሁ ደግሞ የሚያባርሩኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ ሕመምሽ በሰውነትሽ በኩል መምጣቱ እውነት ያልሆነ አያደርገውም። እኛ ዘንድ ጭንቀት የሚነገረው በልብ፣ በጨጓራና በራስ ምታት ነው። ችግሩ የሚመጣው ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው፦ ባለሙያው ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መጀመሪያ የሰማውን ቃል ይዞ ይሄዳል። «ጨጓራዬን» ካልሽ የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዛል። ዊዳል በሚባለው ምርመራ አንዴ «ፖዘቲቭ» መባልም ብቻውን ታይፎይድ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከሌላኛው ጫፍ ጀምሪ፦ «ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ መልሼ አልተኛም። ደስ ይለኝ የነበረ ነገር ሁሉ አስጠልቶኛል። አለቅሳለሁ። ከዚህ ጋር ልቤ ይመታል።» በዚህ ቅደም ተከተል ከተነገረ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ወይም የጭንቀት ሕመም መሆኑን ለማጣራት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ራሳቸው ይመጣሉ። የደም ማነስ ይታይልሽ፤ አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ የእንቅርት ሆርሞን፣ የወር አበባሽ ከቀረም የእርግዝና ምርመራ። እነዚህም ልብ ያስመታሉ፣ ያደክማሉም። ጤና ጣቢያ ከሆንሽ «የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። በነገራችን ላይ ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል እንጂ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያዝልሽ ሐኪም ወይም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው። በቴሌግራም «ካውንስሊንግ እሰጣለሁ» የሚለውን ሰው ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት የሙያ ፈቃዱን አሳየኝ በይው። ከሰዓት በኋላ ቡና አትጠጪ፣ በረካም ቢሆን።

ስለ ሥራው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሕመም ፈቃድ ሲሰጥ የአእምሮ ሕመምን አልለየም። 60 የሥራ ቀን የሆነውን የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። ሰው የሚወድቀው ሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። ከቀረሽ ቢዘገይ በማግስቱ አሳውቂ፣ በጽሑፍ መልእክት ቢሆን ማስረጃ ይሆንሻል። ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠሽን ማስረጃ አስገቢ፣ ኮፒው ላይም «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙልሽ። ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ስም በዝርዝር እንዳይጻፍ ሐኪሙን መለመን ትችያለሽ። አብረውሽ የሚኖሩትም እንዳያውቁ ከፈለግሽ፣ ሆስፒታል ግቢ የገባ ሰው ምን ሊታከም እንደገባ ግንባሩ ላይ አይጻፍም።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትናገረው ሲዳምኛ ብቻ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ዝም ብላለች። ሐኪም ፊት የ14 ዓመቷ ልጄ ብታስተረጉምላትስ?

መልስ፦ ልጅቷን አይላኳት። አያት በልጅ ልጇ ፊት «ሞቴን እለምናለሁ» አትልም፤ ብትል ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ ያን ተሸክማ ወደ ቤት ትመለሳለች። ካርድ ክፍል ላይ ሲዳምኛ የሚችል ነርስ እንዲመደብላቸው ይጠይቁ፤ ሲዳማ ክልል ውስጥ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ካልተገኘ ቤታችሁን የምታውቀውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ እሷም ካልተመቻት ከቤተሰቡ ውጭ የሆነች አንዲት ትልቅ ሴት ይዘው ይሂዱ። አስተርጓሚዋ ከእናትዎ ጎን ትቀመጥ፣ ሐኪሙ ግን እያየ የሚያነጋግረው እናትዎን ይሁን። እናትዎ ለሁለት ደቂቃ ተናግረው «ደህና ነኝ ትላለች» ተብሎ ከተተረጎመ ያቋርጡና «ያሉትን በሙሉ» ይበሉ። «ድባቴ አለባት» ብሎ ማሳጠርም ያው ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው የራሳቸውን አባባል ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት አብዝታለች። ብጠይቃት ነገሩን አስታውሳታለሁ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ የሚያቀለው ነው። ሳትሽኮረመሚ፦ «ራስሽን ስለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» አዎ ካለች፦ «እንዴት እንደሆነ አስበሻል? መቼ?» ዕቅድም ቀንም ካላት፣ ወይም ከዚህ በፊት ሞክራ ከነበረ፣ ዛሬውኑ ብቻዋን ሳትተዪ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። የአይጥ መርዝ፣ የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ክኒን ከቤት ይውጣ፤ የታዘዘላት መድኃኒት ካለም ሌላ ሰው ይዞ በሳምንት በሳምንት ይስጣት። «ለማንም አትንገሪ» ብላ ብታስምልሽ ይህን መሐላ አትግቢ። የሆነ ነገር ውጣ ከደረስሽባት ወተት አትስጪ፣ አታስመልሺ፤ ጊዜ ከማባከኑም ሌላ ወደ ሳንባዋ ሊገባም ይችላል። ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ይዘሽ ሩጪ።

ጥያቄ፦ የድባቴ መድኃኒት የሆነውን ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ከጀመርኩ 12 ቀን ሆነኝ። ያተረፍኩት ማቅለሽለሽ ነው። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፣ ገና ነው። ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ ይውሰዱት፤ ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ስሜትዎ ላይ ለውጥ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ሙሉው ውጤት እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። 6 ሳምንት ሞልቶ ምንም ለውጥ ከሌለ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ከተሻለዎት በኋላም ቢያንስ 9 ወር ይቀጥሉ፣ ሲያቆሙም በሐኪም ምክር ይሁን። ድንገት እንቅልፍ ሳያምርዎ ጉልበት ከበዛብዎ፣ ንግግርዎ ከፈጠነ፣ ገንዘብ እንደ ውሃ ማፍሰስ ከጀመሩ፣ ወይም የመሞት ሐሳብ ከበረታብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይመለሱ። ለወገብ ሕመም ትራማዶል የሚያዝልዎ ሰው ካለም ፍሎክሰቲን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሁለቱ አብረው የሚጥል ሕመም ሊያስነሡ ይችላሉ።