የልጄ የልብ ቫልቭ ባለ ሁለት ክዳን ነው ተባለ፤ የወር መርፌ ይጀምር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የ15 ዓመት ልጄ ኳስ ይጫወታል፣ ታናም ይዋኛል፤ ታሞ አያውቅም። ለጉንፋን ብወስደው ልቡ ላይ ድምፅ አለ አሉኝ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሣ የአኦርታ ቫልቩ ባለ ሁለት ክዳን ነው፣ ግን በደንብ ይሠራል ተባለ። የጎረቤቴ ልጅ ለልቧ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። የኔም ይጀምር? እርጉዝ ሳለሁ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፉም። ይህ ቫልቭ ቅርጹን የሚይዘው ገና በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያኔ ብዙ እናት ማርገዟንም በቅጡ አታውቅም። ከ100 ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፤ ወንዶች ይበዛሉ።

አኦርታ ከልብ ወጥቶ ደም ለመላ አካል የሚያደርስ ትልቁ የደም ሥር ነው። ቫልቩ በሩ ነው፤ በተለምዶ ሦስት ስስ ክዳኖች አሉት። ልብ ሲጨመቅ ይከፈታሉ፣ ሲላላ ገጥመው ደሙ ወደኋላ እንዳይመለስ ይይዙታል። እንደ ልጅዎ ባሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ክዳኖች ሳይለያዩ ይቀራሉ። ስለዚህ ቫልቩ ሲከፈት ክብ መሆኑ ቀርቶ የዓሣ አፍ ይመስላል። እኛ ሐኪሞችም የምንለው እንዲሁ ነው፣ ለታና ሰው ደግሞ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድምፁ የሚመጣው ደሙ በዚያ ሲያልፍ ስለሚናወጥ ነው።

የወር መርፌው ሌላ ጉዳይ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ ሕመም የሩማቲክ ሳይሆን አይቀርም፤ ከቶንሲል ጀምሮ፣ ቆይቶ ቫልቭ የሚያበላሸው ማለት ነው። መርፌው ፔኒሲሊን ነው፣ የጉሮሮው ኢንፌክሽን እንዳይመላለስ የሚሰጥ። ለልጅዎ አይጠቅመውም። እሷ ግን የእርስዎን ልጅ አይታ እንዳታቋርጥ!

ለሱ የሚያስፈልገው ክትትል ነው። ክዳኖቹ ከዕድሜ ጋር ሊደርቁና ሊጠቡ፣ ወይም በደንብ መግጠም አቅቷቸው ደም ወደኋላ ሊያሳልፉ ይችላሉ፤ አኦርታውም ሊሰፋ ይችላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አኦርታው ወረድ ብሎ ይጠባል፤ ስለዚህ የደም ግፊቱን ክንዱም እግሩም ላይ ይለኩለት። ቫልቩ ደህና ከሆነና አኦርታው ካልሰፋ ኳሱንም ዋናውንም አይከልክሉት። በቤተሰብ ስለሚሄድ አባቱም ወንድምና እህቶቹም፣ እርስዎም ጭምር፣ አንዴ ኢኮ ይነሡ።

ጥርሱን ይጠብቅ። እንጥል ማስቆረጥ የሚባለውን ነገር አደራ፣ በጭራሽ! ባክቴሪያ በደም ገብቶ እንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ትኩሳት ይዞት ቀናት ከቆየ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው አይስጡት። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ስለ ቫልቩም ይንገሩት፤ መድኃኒቱ ሳይጀመር የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያይ ምርመራ) መወሰድ ሊኖርበት ይችላል።